የሐኪሙ ስም

የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ኮምቦልቻ፣ ጤና ጣቢያ፣
ከአቧራ ውስጥ ስም ስፈልግ፣ እንደጠፋ ልጅ በገበያ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያው ቅጽ፣ ያው ሰማያዊ መስመር፤
‹የሐኪሙ ስም› ይላል ከታች፣ ሌላ ስም እንዳይጨመር።

ደሴ ሁለት ዓመት ተምራ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣
ተመለሰች ሲስተር መሬማ፣ ወደዚያው ወደ ቆርቆሮ ታዛ።
‹ምን ተለወጠ?› አሉ ሰዎች። ጋዋኑ ያው፣ ጫማው ያው።
የተለወጠው ወረቀት ነው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፤
ትመረምራለች፣ ትለያለች፣ መድኃኒት ታዛለች ይላል፤
አምስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ግን የጣሪያው ፍሳሽ ወርዷል፣
ከ‹እስከ› በኋላ ያለው ቃል ቀለሙ ፈሶ ጠፍቷል።

ጤና መኮንኑ ሊያሾፍ፦ ‹አሁን ፖፖ ማን ይደፋ?›
‹እኔ› አለች። ደፍታም መጣች። ሳቁ ሳይጀመር ጠፋ።

‹እስከ ምን?› ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ አለች መሬማ፦
‹አባቴ የወሰን ዳኛ ነበር፤ ሙግት ሲለይ፣ ሲያስማማ።
ድንበር የገፋ ሌባ ነው፣ ይል ነበር ድንጋይ ሲተክል፤
መሬቱን ጦም ያሳደረስ? እሱም ሌባ ነው፣ በእኩል።›

እውነቱን ልናገር፦ እኔ ተማርሬ ነበር መጀመሪያ፤
አንድ ሰው ይዛ ሩብ ሰዓት! ሰልፉ ደረሰ መኪና ማቆሚያ።
ምን ትበላለህ፣ ማን ያበስላል፣ ለሽንት ስንቴ ነው የምትወጣ…
ስድቡ ግን ወደ እኔ ነው፣ በመስኮቴ የሚመጣ።

ረቡዕ ጋሽ አራጌ መጡ፣ የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ፤
ስኳር አለባቸው። ‹ዶክተሩስ?› አሉኝ። እሷ ነበረች ተረኛ።
ሌላው መድኃኒት ይጽፋል፤ እሷ ጫማ አስወለቀች፤
ግራ ካልሲያቸው ደም ነው፤ ምስማር ከሶሉ ነቀለች።
‹አላመመኝም› አሉ። ‹እሱ ነው የሚያመኝ› አለች።

አጥባ፣ ጠርጋ፣ መጠን ቀይራ፣ ጽፋ፣ ፈርማ ላከቻቸው፤
ፋርማሲው ወረቀቱን ይዞ፣ ‹ሐኪም ይፈርምበት› አላቸው።
ሄደች። አልጮኸችም። ተራ ቁጥር ሦስትን በጣቷ አሳየችው፤
ከግድግዳው ገንጥላ ነው፣ ከነሙጫው የወሰደችው።

በሐምሌ፣ ቦርከና ሲያገሳ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት፣
ባጃጅ አመጣት አሚናትን፣ ሆዷን ታቅፋ እንደ ጥሪት።
መሬማ እጇን አሳረፈች በቀኝ፣ ከእምብርቷ ዝቅ አድርጋ፤
ጩኸቱ ስትጫን አልመጣም፤ ስትለቅ ነው፣ የነቀነቀው አልጋ።
‹አንቺው ቅደጂው!› አለች እናት፤ ‹እጅሽን አውቃለሁ፣ እመኚኝ!›
‹የኔ ድንጋይ እዚህ ላይ ነው። ቢላዋው የሌላ ነው፤ ይቅር በይኝ።›

ደም ሥር ከፈተች፣ ደወለች፣ ጻፈች፣ እሷው ተሳፈረች፤
ሐረጎ ጉም ነው፤ አምቡላንሷ በአንድ ዓይኗ ዳገት ወጣች።
ግሉኮስ በእጇ አንጠልጥላ፣ በየጥምዝምዙ ስትዝል፣
ደሴ ደረሱ፣ ጦሳ ገና ከጨለማው ሳይነጠል።
የደሴው ሐኪም ጽሑፏን አየ፣ ጓንቱን አጠለቀ፤
ሾፌሩ ሲምል፦ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀ።

አሚናት ከሳምንት በኋላ ወረደች፣ ስፌቷን እያከከች።

ጋሽ አራጌም በየወሩ፣ በሁለት እግር፣ በአዲስ ጫማ፤
‹ዶክተር አለች?› ይሉኛል። ‹ሲስተር ነኝ› ትላለች መሬማ።
‹እሺ ዶክተር› ይላሉ።

እኔም ትናንት ካርዱን ዘርግቼ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤
‹የሐኪሙ ስም›… ሰርዤው ልጻፍ? እጄን ሰበሰብሁ፣ ፈራሁ።
ቅጽ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ድንበር መግፋት ይሆንብኛል፤
ግን ከሥሩ፣ በማስመሪያ፣ አንድ መስመር ይበቃኛል።
ቦታው አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጦሙን ያደረ።
‹የሲስተሯ ስም› ብዬ ጻፍሁ። እስክሪብቶው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ኋላ ጫረ።