ሌላ ካለ ይጥቀሱ

ሰርዲኒያ፣ ከፎኒ በላይ፣ የመኪና መንገዱ ሲያበቃ፣
ሦስት ዓመት ተመላለስኩ ቦርሳዬን ይዤ በጫንቃ።

«ገበሬው ለምን እንቢ አለ?» የሚል ቅጽ አለኝ፣
ቢሮው በየወሩ ሙዪ ሙዪ የሚለኝ።
ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገንዘብ፣ የኔትወርክ ችግር፣
አራት ሣጥን አለ ምልክት ለማኖር፤
ከግርጌው ደግሞ አንድ ባዶ መስመር፦
ሌላ ካለ ይጥቀሱ።

ቦርሳዬ ውስጥ አለ የሸክላ እንክብል፣
ነጭ፣ ልሙጥ፣ አውራ ጣት የሚያህል፤
በጓ አንዴ ከዋጠችው ከሆዷ አይወጣ፣
ቁጥሯን ይናገራል መሣሪያው ሲመጣ።
ለአንገቷም ማሰሪያ፣ ከሳተላይት የሚያወጋ፣
የት ውላ የት እንዳደረች የሚያሳብቅ ሲነጋ።

ባኪዚዮ ያየዋል፤ ምራቁን ይውጣል፤
አይብ ይቆርስልኛል፤ ወንበር ያመጣል።
«ስም አላቸው» ይላል፤ «ያቺ መበለቷ፣
ያቺ አኩራፊዋ፣ ያቺ ደግሞ እናቷ።
ሁለት መቶ አሥር በግ፣ ሁለት መቶ አሥር ቃጭል፣
አንዱ ከአንዱ ድምፁ ከቶ የማይመሳሰል።
አባቴ ነው የገዛቸው ከቶናራ ቀጥቃጮች፣
ሲያንኳኳ፣ ሲያዳምጥ፣ ሲመልስ፣ ሦስት ቀን ከሁለት ሌሊቶች።
ጨለማም ቢሆን፣ ጉምም ቢሆን፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ማን እንደጎደለች እነግርሻለሁ ከዚሁ ሆኜ።»

እኔም «ዕድሜ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወረድኩ።

ጎረቤቱ አንቲዮኮ ሳያቅማማ ነው የገዛው፤
ልጁን ከቱሪን መመለሻ ሌላ ምን ነበረው?
ልጁም ቀረለት፤ ቡና ቤት እግሩን ዘርግቶ፣
መንጋውን ይጠብቃል ከኪሱ አውጥቶ።
ፔፒና ድጎማው እንዳያመልጣት ፈረመች፣
ማሰሪያዎቹን ከነካርቶናቸው ጣራ ሥር ሰቀለች፤
በእኛ መዝገብ ላይ ግን «ተቀባይ» ተባለች።
ኤፊዝዮ እንቢ ሲል ሌላ ምሥጢር ነበረው፦
በጎቹ ሌሊት ሌሊት የሰው ሣር እንደሚበሉ
ሳተላይቱ እንዳያወራው።
ለዚህ ሣጥን የለንም።

ባለፈው ኅዳር፣ ጉም ሜዳውን ሲውጠው፣
ባኪዚዮን ከበረቱ ደጃፍ አገኘሁት፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው።
ከጀርባው፣ ከሸለቆው፣ አንድ ቃጭል ይጮኻል፣
እግሯ ድንጋይ መሐል የተቀረቀረ በግ ይመስላል፤
ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጮኻል።
እሱ አልዞረም።

መጀመሪያ ውሻው ዞረ፤ ጆሮውን አቀና።
ባኪዚዮ ውሻውን አየ፤ ከዚያ እሱም ዞረና
«አኩራፊዋ ናት» አለኝ በእርግጠኛ ቃና።

ወርደን ስናወጣት መበለቷ ነበረች።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ባዳ ደግሞ አንድ ቀን ሳይሰናበት ይሄዳል።
ስንት ክረምት ይሆን በውሻ ጆሮ የጠበቀው?
ውሻውም አርጅቷል፤ አሁን አየሁት፤ አፉ ዙሪያው ሸብቷል፣
ነገ እሱም ይደክመዋል።

ሽቅብ ስንመለስ፣ ጭቃውን ከጫማው እየጠረገ፣
ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ፣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ፣
«ያ ነገርሽ ስንት ነው?» አለ። «ለጎናሪያ አትንገሪያት።
ቃጭሎቹ ግን አይወልቁም፤ ይሄን ጻፊ፤ ይሄ ግዴታ ናት።»

ለሁለት ቀን አሰርንላቸው፣ ማሰሪያውን ከቃጭሉ ጎን።
እያንዳንዱን ቃጭል በጣቱ መታ ያደርግና፣
በመዳፉ ያቅፈዋል፤ ንዝረቱ እስኪሞት ድረስ
ጎንበስ ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ቀጣይዋ ይደርስ።
«እናቷ» ይላል በለሆሳስ። «አኩራፊዋ» ይላል።
አንድም አልሳተ።

ቢሮው ደስ ብሎታል፤ ሥልጠናው ሠራ ብሏል፤
በግድግዳው ሥዕል ላይ አንድ ነጥብ ጨምሯል።
«ለምን ተቀበለ?» ይላል አዲሱ ቅጽ ደግሞ፤
አራቱን ሣጥን ባዶ ትቼ፣ ስመጣ ከግርጌው መስመር፣
እስክሪብቶዬ ቆመ፤
«ጉም» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ሰርዞ «የአየር ጠባይ» ብሎ አረመው።