ሳንቲም የምታህል ባትሪ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ኢልዴፎንሶ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጨቃጨቅ።
ሦስቴ ጢጥ አለችው፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ።
ራሟን ነቅሎ በላጲስ ፈተገ፣ ወርቃማ ጥርሷ እስኪያብለጨልጭ።
መለሰው። አንዴ ጢጥ! ማራገቢያው ዞረ፤
ስክሪኑም ዓይኑን ገልጦ ቀኑን ተናገረ፦
«ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሰባት።»
ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታ ነው ዘመን የጠፋባት።
ገበያ ሞልታለች፤ ከአንድ ዳቦ ዋጋ አትበልጥም፤
ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው፤ ሊያርም ይልና አይቆርጥም።

ሮሳውራ ከበሩ፣ ፎጣ በእጇ ይዛ፣
«ያኔኮ» አለችው፣ ስክሪኑ ላይ ፈዛ፣
«ኒካኖር ለሳልሞን ጀልባ ደቡብ አልወረደም፤
እራት ስለው፣ ‹አሥር ደቂቃ!› ይለኛል፤ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አይልም።»

«ባትሪዋን ነገ» አላት።
ብሎኖቹን ቆጠረ፦ አራት ነበሩ፤
ሦስት ናቸው።