ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ስልኩ ጮኸ፤ ከሐደራ ነው፤ የክሊኒኩ መስመር፤
የምከፈለው በደቂቃ ነው፣ አይደለም በቃል ቁጥር።
«አስተርጓሚ አርባ ሁለት» እላለሁ፤
ስሜን አይጠይቁኝም፤ እኔም እተወዋለሁ።

ሐኪሟ ትናገራለች፤ ቀጥሎ ዝምታ፤
ከዚያ የሴት ትንፋሽ፣ ቁና ቁና፣ በትኩሳት የተመታ።
እናንዬ ትባላለች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤
«አንገቴ አልዞር አለኝ፣ ብርሃን ወጋኝ» ትላለች።

«በቅርቡ ከአገር ወጥተሻል?»
እተረጉማለሁ።
«አገር የለቀቅሁት አንዴ ነው፤
ከጎንደር፣ ወደዚህ።»
የኪቦርዱ ኳኳታ ይሰማኛል።
ሐኪሟ የጻፈችውን ለራሷ ታነባለች፦ «ከአፍሪካ።»

የደሙ ውጤት መጣ። ስሙ በዕብራይስጥ ሦስት ቃል ነው።
በአማርኛም ሦስት አደረግሁት፤ ሌላ ከየት ላምጣው?
«የምዕራብ አባይ ትኩሳት።»
«አባይ?» አለች። «የእኛው?
እኔን አሥራ ሦስት ዓመት በር ላይ ያስቀመጡኝ፣
እሱ ማንን አስፈቅዶ ገባ?»
ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቀማት።

ቃሉ መንታ ነው፤ ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት፤
ሲጠብቅ ወንዝ ነው፣ ሲላላ የውሸት አባት።
እኔ አጥብቄ ጠራሁት፤ እሷም አጥብቃ ሰማችው፤
ሲላላ የሚሆነውን ምድር ቤቷ ነው የሚያውቀው።

ከፋሲካ ወዲህ የተደፈነ ቱቦ፤
ውሃው ከደረጃው ሥር ተኝቶ፣ አረንጓዴ ካባ ደርቦ፤
እጮቹ እንደ ነቁጥ፣ እንደ ሰረዝ፣
ማንም የማያነበው ደብዳቤ፣ ሲጻፍ ሲሰረዝ።
መቶ ስድስት ደውላ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሙዚቃ አስደመጣት፤
ዕብራይስጧን ለቅማ ሳትጨርስ መስመሩ ጣላት።

መድኃኒት የሚረጨው መኪና በባለ አጥሩ ሰፈር ዞረ፤
የእሷ ሕንፃ ለሚቀጥለው ሳምንት ተባለ፤ ሳምንቱም እዚያው ቀረ።
ያን ሰፈር ታውቀዋለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትወለውላለች፤
መስኮቱ ሁሉ የሽቦ ወንፊት አለው፤
ወንፊቱን በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች፣
ሆዷን ከመስኮቱ ደፍ አስደግፋ።

ይህች ከተማ ራሷ ረግረግ ነበረች ይላሉ፤
ቀድመው የሰፈሩባትን ወባ ፈጃቸው፤
የተረፉት ባሕር ዛፍ ተክለው ውሃውን አስመጠጡት።
ተማሪዎች ተሰልፈው ይጎበኛሉ።
የዚያ ዘመን ወባ ሙዚየም አለው።
የእናንዬ ትኩሳት ፋይል አለው፤
እኔ ደግሞ ደቂቃ አለኝ፤ ይቆጥራል።

«እናቴ መተማ ወርዳ» አለች ሳትጠየቅ፣
«ሰሊጥ አጫጅ ሆና፣ የአምስት ወሯን ወባ አስወረዳት።
ቢንቢ ሰው አትመርጥም ይላሉ።
ሰው አትመርጥም። መስኮት ግን ትመርጣለች።»
ይህንን ተረጎምኩት፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ።
ሐኪሟ ዝም አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤
ደጅዋ ላይ ሃያ ሰው አለ።

«ወደ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ አይተላለፍም።»
«ብዙ ጊዜ ማለት ስንት ጊዜ ነው?»
እተረጉማለሁ።
«ትንሽ ነው የሚታወቀው። አልትራሳውንድ እናየዋለን፤
ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። በግል ከሆነ፣ ነገ።»
«ነገ» የሚለውን ቃል ስናገር አፌ ውስጥ ዋጋው ይሰማኛል፤
የሦስት ማክሰኞ ደመወዝ።
«አምስት ሳምንት» አለች እናንዬ። «እሺ። እሱም እየረገጠኝ ነው፤ ይቆጥር።»

አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ከአርባ ሴኮንድ።
መስመሩ ተዘጋ፤ በክፍሌ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ።
ከዚያ፣ ማንም በማይከፍለኝ ደቂቃ፣
መቶ ስድስት ደወልኩ። ሙዚቃው ጀመረ። ጠበቅሁት።
ዕብራይስጤን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
መንገዱን ነገርኩት፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ የደረጃውን ሥር።
«ስምሽ?» አለኝ፤ ሰጠሁት።
«የችግሩስ ዓይነት?»
በአማርኛ መለስኩለት፣
አንድ ቃል፤
አላጠበቅሁትም።