ባዶ ለባዶ

መቀሴን ከመሳቢያ፣ መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ፣
አሮጌ ጋዜጣ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣
ስምህን ብፈልግ ደጋግሜ፣
ሦስት ቦታ አገኘሁት፣ ሴናሂድ ወንድሜ፦
አንዴ በገዛ መረብህ ኳስ የከተትክ ለታ፣
አንዴ ቀይ ካርድ አይተህ አንገትህን ደፍተህ የወጣህ ማታ፣
አንዴ ጉልበትህ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር።
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልነበር።

የቀረውስ ዘመንህ፣ ወዴት ሄደ?
ስንቱ አጥቂ ባንተ ያፈረ፣ ስንቱ ምት በደረትህ የበረደ፣
ስንቱ የማዕዘን ምት በግንባርህ የተመለሰ፣
ያልተጻፈው ሁሉ፣ ኳሷ ስላልገባች፣ መረቡ ስላልታመሰ?

«ምንም» የሚባለውን፣ ሚዛኑን እናውቃለን፣
እኔና አንተ፣ በድልድዩ ሆድ ስር ጎንበስ ብለን፣
ጎራዥዴ በተከበበችበት ዘመን
እንጨት በተረበረበበት መተላለፊያ የተሻገርን።
ከላይ ተኳሹ፣ ከታች ድሪና፣ ቀዝቃዛ አረንጓዴ፣
መሃሉ ብቻ የኛ፤ እግር የሚስተው አንዴ።
ማታ እናታችን ሸፊካ፣ ከሳማ ሾርባው ቀድታ፣
አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጥራን፣ ራሳችንን ዳብሳ፣ ተመልክታ፣
«ዛሬ ምንም አልሆነም» ትላለች።
ከዚህ የበለጠ ምሥራች የትኛዋ እናት ሰምታለች?

አባባ ሙኒብ የግሬባክን ተራራ በሌሊት አቋርጦ
የመጣው ዱቄት ተሸክሞ ነው፣ ሁለት የእግር ጣቱን ለውርጭ ሸጦ።
እግር ለምን እንደተፈጠረ ያየሁት ከሱ ነው፤
አንተም ሜዳ ላይ እንደሱ ነው፣
ክብደቱን ሳታማርር የምትቆመው።

በልብስ ማጠቢያ ሞተር ወንዙ ላይ በተሠራው መዘውር
ራዲዮናችን ነፍስ ዘርቶ፣ አንድ ድምፅ ስለ ጨዋታ ሲናገር፣
የሠፈሩ ልጆች አጥቂ ለመሆን ሲማማሉ፣
አንተ «በር ላይ ማን ይቁም?» አልክ፤ ሳቁብህ ሁሉ።

ከዚያ ሳራዬቮ፣ ከዚያ ግራዝ፣ ከዚያ ሪዜ፤
ተራራው ሻይ ቅጠል፣ ሰማዩ ዝናብ ሁልጊዜ።
እዚያ ነው፣ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ ኳሷ ቅልጥምህን ታክካ
መረባችሁን የነካችው፣ ከግብ ጠባቂው ጣት ሾልካ።
ደወልክልኝ። አልተናገርክም። ዝናቡን ብቻ ሰማሁ።
«ምንም አልሆነም» አልኩህ፤ ውሸቴን ነው፣ አውቃለሁ።

ከዚያ ካራጋንዳ፣ ሰው ሠራሽ ሣር፣ ከዜሮ በታች አሥራ አራት፤
የጉልበትህን ጅማት ጥለህላት የመጣህባት።

አንዴ ለሀገር ተጠራህ፤ ሌሊት ተነስተን ሄድን ዜኒትሳ፣
እናታችን የአባባን ካፖርት ደርባ ለብሳ።
ዘጠና ደቂቃ ወንበር ላይ። አልገባህም።
ማልያህን ሰጠኸኝ፤ ላብ የሚባል አላገኘሁበትም።

ግን አንድ ጨዋታ አለ፣ ግራዝ ላይ፣ የኅዳር ቅዳሜ፣
እኔ ብቻ የማስታውሰው፣ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ።
አጥቂው ፈጣን ነበር፣ ስሙን ዛሬ የዘነጋሁት፤
ግራ ሲል ግራው ላይ፣ ቀኝ ሲል ቀኙ ላይ፣ አየሁህ፣ አየሁት።
አንዴም አልተንሸራተትክ። ቁምጣህ እንደታጠበ ወጣ።
ተመልካቹ አዛጋ።
አንድ ሽማግሌ በእረፍት ሰዓት ተነስቶ ሄደ፣ አልተመለሰም።
ሰሌዳው ባዶ ለባዶ እንዳለ መብራቱ ጠፋ፣
ማንም አልጨፈረ፣ ማንም አልተከፋ፣
እኔ ግን አጥሩን ይዤ አለቀስኩኝ፤
ዛሬ ምንም አልሆነም፣ አልኩኝ።

አሁን ድሪና ዳር አሥር ዓመት ያልሞላቸውን ታሰለጥናለህ፣
በአባባ አካሄድ፣ ትንሽ እያነከስክ፣ ፊሽካህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ።
ትናንት አንዱ፣ የዜይኔባ ልጅ፣ ጆሮው ትልልቁ፣
«ስንት ጎል አገባህ?» ሲልህ ሰማሁ፤ ልጆቹም ሳቁ።
«አንድ» አልክ። «እሷም በራሳችን ላይ።»
ጎንበስ ብለህ የጫማውን ክር እያሰርክለት ሳለህ፣ ማንም ሳያይ፣
ኳሷ ወደ ወንዙ ተንከባለለች፤
በደህናው እግርህ አቆምካት።