የደብዳቤዎቹ ጀርባ

ከማስ ወንዝ ማዶ ላይ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
የፖስታው ብስክሌት በራችን ላይ ሲያርፍ፣
እኔ ነበርኩ ከፋች፣ በሽንኩርት ቢላዋ፤
ከድንቹ ኬሻ ላይ ጎንበስ እንዳለች እሷ።

«ብርሃናችን» ይላል የኡትሬክቱ ቄስ፤
«ሰይፍ ማረሻ ይሁን፣ ስምሽም ይወደስ!»
ከቤልጅግ የሸሸች የአንድ ወታደር እናት
ሦስት መስመር ጽፋለች፤ ሦስተኛው ፍጻሜ የለበት።
ከክሩ ፋብሪካ ያኮባ የጻፈችው
ፊደሉ ተንጋዶ፣ «ይኸው፣ ቻልኩበት» ነው።

ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የምትሰማኝም አይመስል።
«ጀርባው ባዶ ነው?» ትላለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።
«ነው፣ ወይዘሪት ፎስ።»
«በይ አምጪው።»
እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ መዛ፦
ድንች፣ አራት ኬሻ። የቅማል ሳሙና።
ለጋሪ ነጂው ልጅ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ።
ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ፣ «ጦርነት ይብቃ»።
ጃንጥላ አትርሺ፤ ባለፈው በእንቁላል መቱን።

ዘንድሮ፣ ካረፈች በሰባተኛው ወር፣
ባርኔጣቸው ጥቁር ሦስት ሹሞች መጥተው ነበር፤
ውዳሴውን ሁሉ በመስታወት ሊያኖሩ፣
ድንቹን ወደ ግድግዳ አዙረው ሊያስቀሩ።

ከማስረከቤ በፊት አንድ በአንድ ገለበጥኩ።
የቄሱ ጀርባ ከሰል ነው፤ የእናቲቱ፣ ብርድ ልብስ።
የያኮባ ብቻ ነጭ።
በፊቱ ግን፣ «ቻልኩበት» ከሚለው ቃል ላይ
የጎደለችውን አንዲት ፊደል
በእርሳስ ጨምራላታለች።

እሱን አልሰጠኋቸውም።