ነጠብጣቡ በእግር ነው

የጣቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ባቡሩ ግን እኔ ጋ የለም።
ከሽንኩርቱ ማሳ ባሻገር ሐዲዱ ተጋድሟል ዝም፤
ፍየል ይሻገረዋል፣ የሮቢት ፀሐይ ታፍመዋለች፣
ማታ ማታ አንዲት ጅብ እንደ ባለሥልጣን ትጎበኘዋለች።
የቀን ዘብ እኔ፣ የሌት ዘብ እኔ፤ ደመወዝ የምቀበል
"መቼ ነው?" ላለኝ መንገደኛ "አልሰማሁም" ለማለት ያህል።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን አንድ ቀንም "መቼ" ብለው አያውቁም።
ሐምሌ ይሁን ጥር ይሁን፣ አስር ሰዓት ላይ ከአግዳሚዬ አይርቁም፤
ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋራ፣
ባንድ ጃንጥላ ሁለት ሆነው፣ ግማሽ ጥላ በየተራ።
በድሮው ባቡር ቲኬት ሲበሱ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤
ዛሬም የመብራት ደረሰኝ ሲይዙ አውራ ጣታቸው ይጫናል።

ካርታው የእጃቸው ሥራ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣
ከልጅ ደብተር ላይ ተገንጥሎ፣ እንደ ክታብ በኪስ ሰንብቶ፤
ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ እኛ፤ ከዚያ ቆላ ለቆላ አዋሽ።
ከአዋሽ ወዲያ ሳያዩ ነው፤ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር ሲሉ
ድምፃቸው ወጣት ይሆናል፣ ቲኬት የሚጠይቁ ይመስላሉ።

ከጎኑ የሰዓት ሠንጠረዥ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ።
"አስራ ሦስት ከአምስት" ይላል። "ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "ቀኑ ተረፈ?"
"ስድስት ቀንስ" አሉኝ። "ሰባት ከአምስት፤ ያገርህ ሰዓት ያ ነው።
ያልቀነሰ ሰው ጣቢያ ሲደርስ የሚያገኘው ጭሱን ነው።"

አንድ ማክሰኞ ግንባራቸው ጨፍግጎ መጡ፤ እርሳስ ይነክሳሉ።
"አልሆነም" አሉ። "አዋሽ ላይ የድሬውን ባቡር ያጣሉ።"
"እነማን?" "እኔና እሷ። ካጣዬ አርፍዶ ተነሥቶ
በአራት ደቂቃ ይቀድመናል፤ ጭራውን ብቻ አሳይቶ።"

አራት ደቂቃ!
ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ፣ ሐዲዱ ዝገት ሲለብስ
ያልቆጫቸው ሰውዬ፣ ለአራት ደቂቃ ዓይናቸው እስኪፈስ!
ያጠፋሉ፣ ይጽፋሉ። ከከሚሴ አንድ ሊሰርቁ ቃጡ፤
"የለም፣ የገበያ ቀን ነው፣ ስንቱ ከነፍየሉ ነው የሚመጡ?"
ካጣዬም ጨክነው ቆረጡ፤ መለሱት። "አራስ ትኖራለች
ልጇን በጀርባ፣ እቃዋን በእጅ፤ በምን እግሯ ትሮጣለች?"
ወይዘሮ በለጥሻቸው ዝም ብለው ብርቱካን ይልጣሉ።

"ከኛው ውሰደው" አሉ በመጨረሻ፣ ልጣጩን እየሰበሰቡ።
"ሮቢት ላይ ስንት ይቆማል?"
"አምስት።"
"አንዱ ይበቃናል። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሻንጣም አልይዝ፤
አንተንም ከወገብህ ገፍቼ አስገባሃለሁ፣ ሳትፈዝ።"

አምስቱን አጥፍተው አንድ ጻፉ። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው
ያን ዕለት የበሉት ብርቱካን፣ እንዴት ያለ ጣፋጭ ነው!
ለእኔም አንድ ገመሳ ደረሰኝ። ልቤ ደፈር አለና
"ወደ መንዝስ፣" አልኩ፣ "ወደ እናቴ፣ የሚወስድ የለም ጎዳና?"

ካርታውን አዩ። ቀና ብለው ያንን ገደል አዩ፣ ደመና የተከናነበ።
"ባቡር ይህን አይወጣም" አሉ።
ግን እርሳሱን አወረዱ፤ ጫፉን ምላሳቸው ላይ ነክተው
ከጣቢያዬ በር ተነሥተው፣ ሽቅብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረጉ።
"ይሄስ ምንድን ነው?"
"በእግር ማለት ነው። ሐዲድ የሌለው በነጠብጣብ ይሳላል።
አስራ አንድ ላይ ከተነሣህ፣ ስምንት ሰዓት ያደርሳል።"
"በየትኛው አቆጣጠር፣ ጋሼ?"
"ባንተው። ይሄኛው አይቀነስም።"

ያችን ጥግ ቀደው ሰጡኝ። ከቁልፉ ጋር ኪሴ ውስጥ ናት።
ገና አልሄድኩም፤ ተረኛ የለ፣ በሩን ለማን ልተው?
ማታ ጅቧ ጉብኝቷን ስትጨርስ በባትሪ አውጥቼ እቆጥራለሁ፤
ሃያ ሦስት ነው ነጠብጣቡ።
አንዱ ደብዝዟል፤
ወንዙ ጋ ይመስለኛል።