አጥንት ቆጠራ

"አጥንቱ የጠራ ነው" አለኝ የሸጠልኝ፣
እስከ ሰባት ትውልድ ስም እየጠራልኝ፤
"እናቱን ፈረንጅ በአውሮፕላን ያመጣት፣
አባቱ የኤምባሲ ዘበኛ ሆኖ ያገኛት።"
እሱ አጥንት ቆጠረ፣ እኔ ብር ቆጠርኩ፣
ቡችላ በኮቴ ሸጉጬ ተመለስኩ።

ስሙን "ማንይደፍር" ብዬ አወጣሁለት፤
ለውሻው አይደለም፣ ለጋሽ ዘገየ ነው መልእክት የላክሁበት።
በቆርቆሮ አጥር፣ በአንድ ክንድ መሬት፣
ቀበሌ ደርሰናል፤ አልተነጋገርንም ከዘጠና ስምንት።
ማታ ደጅ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
"ማንይደፍር!" እላለሁ፤ ይሰማል ከግርጌ።

ብላ አልኩት፤ በላ። ወፈረ። ጥጃ አከለ።
እድገት መሰለኝ። ቶሎ የተቆለለ
ካብ እንደሚናድ ማን ነገረኝ ያኔ?

አንድ ክረምት ታዲያ፣ ሐምሌ በገባ ማግስት፣
ሰባ ደረጃ ላይ፣ ሃያውን ሳይጨርስ፣ ቁጭ አለብኝ ድንገት።
ስቤ፣ ተቆጥቼ፣ በዳቦ አባብዬ፣
"ሰነፍ" አልኩት እንጂ አልጠየቅኩም "ምነው?" ብዬ።

ያየው ጋሽ ዘገየ ነው፣ በቆርቆሮው ሽንቁር።
አናጢ ነው፤ ዓይኑ መጋጠሚያ ላይ ነው የሚያድር።
"ስማ" አለኝ፣ ከስንት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ፣
"ያ ውሻህ ሲሮጥ ጥንቸል ይመስላል፤
የኋላ እግሮቹ ባንድ ላይ ይዘላሉ፤
ሲነሣ በፊት እግሩ ራሱን ይጎትታል።
በር ቢሆን ማጠፊያው ላልቷል እል ነበር፤
አጥንት ነው። ሐኪም ይየው፤ ሳያድር።"

መብራት የለም ነበር። ዶክተር ነጂባ
ራጁን በመስኮቱ ላይ ዘረጋች፤ የሐምሌ ፀሐይ ወጣ ገባ።
"ይኸውልህ" አለች፣ "ዳሌ ሙቀጫ ነው፤
የጭኑ አጥንት ራስ እንደ ዘነዘናው
ጠልቆ ይገባና፣ ሳይወጣ ይዞራል።
የዚህ ሙቀጫ ግን አልጎደጎደም፤ ሳህን ይመስላል።
ዘነዘናው ይንሸራተታል፣ ጠርዙን ይፍቃል፣
ሲፍቅ ለስላሳው ሽፋን ያልቃል፣
ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት..." መዳፏን በመዳፏ አሸች።
ከዚያ ወዲያ አልገለጸች።

"ከየት መጣ?" አልኳት። "ወድቆ ነው? ተመቶ?"
"ከእናት ከአባቱ ነው፣ በዘር ተሸክሞት መጥቶ።
ያንተ ድርሻ ኪሎው ነው፣ ጥድፊያው ነው፣
ያ የሚያዳልጠው ሴራሚክህ ነው።
ድመትም ይይዛታል፣ ትንሹንም ውሻ፤
ድመት ግን ሕመሟን ትደብቃለች እስከ መጨረሻ፤
ቁምሳጥን ላይ መውጣት ስትተው
'አረጀች' ብሎ ያልፋታል ሰው።"

"አጥንቱ የጠራ ነው"፤ አልዋሸም ሰውዬው፣
መስታወቱ ላይ ጠርቶ ነው የታየው።
እስከ ሰባት ትውልድ አጥንት የቆጠረ፣
ይህችን አንዷን አጥንት ዘሏት ነበረ።

ቀዶ ጥገናው ሩቅ ነው፤ ዋጋው ከሩቅም ይርቃል።
"አይድንም" አለች፣ "ግን ይኖራል።
ክብደቱን ቀንስ። ምንጣፍ አንጥፍለት።
በልኩ አራምደው። ደረጃ ይቅርበት።
ክኒኑን ከምግብ ጋር።" በር ላይ ደርሼ፦
"ደግሞም እንዳታስወልደው" አለችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ ተመልሼ።

ቅዳሜ ጋሽ ዘገየ ቆርቆሮውን ነቀለ።
አልጠየቀኝም። እኔም ዝም፤ እሱም ምንም አላለ።
በዚያች አንድ ክንድ መሬት፣ በተካሰስንባት፣
ጣውላ አጋደመና፣ እንዳያዳልጥ ጆንያ ቸነከረባት።

ጠዋት ብርዱ ሲጸና ዳሌው ይደርቃል፤
መጀመሪያ ደረቱ፣ ቆይቶ ወገቡ፣ እንደ ዕቁብ በየተራ ይነሣል።
እንጠብቀዋለን።
ማታ እንደ ድሮው ስሙን ልጮህ እላለሁ፣
አፌ ላይ ይከብደኛል፤ ዝቅ አድርጌ እጠራለሁ።

ትናንት ግን ቀደመኝ አንድ ድምፅ ከታች።
ያቺ ለእሱ ብዬ ያወጣኋት ስም በእሱ አፍ ተጠራች፣
ጣውላው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ እስኪደርስ፦
"ማንይደፍር። ና። ቀስ።"